የላቪኒያ ቶርፕ ማጅራት

የላቪኒያ ቶርፕ ሙያ አለመታየት ነበር።

በፊልም ሥራ እንጀራዋን የምታገኝ ሴት ላለመታየት ትደክማለች ቢባል ለውጭ ሰው ፌዝ ይመስለዋል። በየማለዳው በሆሊውድ ስቱዲዮዎች የጎን በር ላይ የሚሰለፉት አጃቢዎች፣ በፊልም ውስጥ ሕዝብ ሆነው የሚቆሙት፣ ግን ምክንያቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሕጉ ቀላል ነው። ካሜራው አንድ ጊዜ ፊትሽን ከያዘው በዚያ ፊልም ውስጥ ዳግመኛ ሌላ ሰው መሆን አትችዪም። በቀብሩ ላይ ስታለቅስ የታየች ሴት በሠርጉ ላይ ስትስቅ ብትገኝ ተመልካች ይታዘባል። ስለዚህ ፊትሽ «ታወቀ» ይባላል፤ የታወቀ ፊት ደግሞ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ፊቷን ያላስያዘች ግን ባርኔጣዋን ለውጣ ከቀብሩ ወደ ሠርጉ፣ ከሠርጉ ወደ ችሎቱ፣ ከችሎቱ ወደ መርከቡ ትሻገራለች፤ ፊልሙ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሥራዋ አይቋረጥም።

ላቪኒያ ይህን ሕግ ወደ ጥበብ አድርሳዋለች። ካሜራው ከየት ቆሞ እስከ የት እንደሚያይ ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልጋትም ነበር፤ የካሜራው ዓይን ወደ እርሷ ሲያዘነብል ጉንጯ ላይ እንደ ረቂቅ ብርድ ይሰማታል። ያን ጊዜ አገጯ በቀስታ ወደ ግራ ትከሻዋ ይሄዳል፤ ትከሻዋ ይከተለዋል፤ አጠገቧ የቆመ ሰው አንዳች ነገር ሹክ ያላት ይመስል ገላዋ ሩብ ያህል ይዞራል። ለካሜራው የሚደርሰው የባርኔጣ ክፈፍ፣ አንድ የጆሮ ጉትቻ፣ ከተጠቀለለው ሽበት በታች ያለ ቀጭን ማጅራት ብቻ ነው። አጃቢዎቹን የሚያሰልፈው ረዳት ዳይሬክተር ሱሊ ስለዚህ ነገሯ ይወዳት ነበር። «እሜቴ፣ እንዳንቺ ያሉ አሥር ሴቶች ቢኖሩኝ ሮምን እሞላት ነበር» ይላታል። እርሷም እንደ ምስጋና ትቀበለዋለች፤ በዚያ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ምስጋና ለእንደርሷ ዓይነቷ አይደርስም።

በወጣትነቷ እንዲህ አልነበረችም። ከከተማ ከተማ በሚዞር የቲያትር ቡድን ውስጥ ንግሥት ሆና ነግሣለች፤ መርዝ ጠጥታ ሞታለች፤ ድምጿ ያለ ጭንቅ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርስ ነበር። ባሏ ሞቶ ቡድኑ ሲበተን ወደ ምዕራብ መጣች። ድምጿ ገና ሙሉ በነበረበት ጊዜ ፊልሙ ዲዳ ነበር፤ ፊልሙ አፉን ሲፈታ ደግሞ እርሷ አርጅታ ነበር። በዚያች ከተማ አርባ ዓመት ያለፋት ተዋናይት የአንድ ሰው እናት ናት፤ ስልሳ ያለፋት ደግሞ የማንም ያልሆነች ለቀስተኛ። ላቪኒያ የራሷ ጥቁር የሐዘን ልብስ ስለ ነበራት በፊልም ከተሠሩት ቀብሮች ብዙዎቹን ቀብራለች። ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሆና፣ ሩብ ያህል ዞራ።

ይህ ሁሉ ባላሳዘናት ነበር፤ ታላቅ እህቷ ዊኒ ባትኖር።

ዊኒፍሬድ በተወለዱባት የኔብራስካ ትንሽ ከተማ ቀርታለች። ከተማይቱ አንድ ሲኒማ ቤት አላት፤ ዊኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ታናሽ እህቷን ስትፈልግ ኖራለች። መጀመሪያ ላይ ላቪኒያ የፊልሙን ስም አስቀድማ እየጻፈች ትነግራት ነበር፤ ችሎቱ ላይ ከዓምዱ በስተኋላ፣ ግራጫ ባርኔጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ እያለች። ዊኒ ዓይኗ እስኪደክም ታፈጣለች፤ ዓምዱን ታያለች፤ ባርኔጣውን ታያለች፤ እህቷን አታይም። በቤተ ክርስቲያኑ የስፌት ማኅበር ያሉት ሴቶች፣ እህትሽ ዓምዱ ናት ወይስ ከዓምዱ ኋላ ያለችው እያሉ ሲያሾፉባት ኖሩ። ዊኒ ዓመታት ሙሉ ተከራከረችላት። ባለፈው ገና ግን፣ እንደ ልማዷ በዓመት አንድ ጊዜ በስልክ ስታገኛት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተይው ላቪ። በዚህ ዕድሜያችን እንኳ እርስ በርሳችን ባንዋሻሽ ምን አለበት» አለቻት።

ላቪኒያ መልካም ገና ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀን በኋላ የፊልም ስም ጽፋ አልላከችም። ግን በየሥራው ላይ ቆማ፣ ያ ረቂቅ ብርድ ጉንጯን በነካት ቁጥር፣ ዊኒ በጨለማው ውስጥ አንገቷን አስግጋ ስትፈልጋት ይታያት ጀመር፤ አገጯም የእህቷን ዓይን እንደሚሸሽ ሆኖ ወደ ትከሻዋ ይሄድ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም፣ ሐሩሩ የስቱዲዮውን የእንጨት ከተማ ቀለም በሚሰነጣጥቅበት ወቅት፣ ሆልገር ስትራንድ የሚባል ዳይሬክተር በግፍ ሞት ስለ ተፈረደበት ወጣት ፊልም ይሠራ ነበር። ስትራንድ ከስዊድን የመጣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። በፊልሙ አንድ ትዕይንት በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ፍርዱ ከላይ በመስኮት ይነበባል፤ ከሕዝቡ መካከል የወጣቱ እናት ቆማ ትሰማለች። እናቲቱ አንዲትም ቃል የላትም። ሥራዋ የሞቱን ፍርድ ስትሰማ ልጇ ወዳለበት መስኮት ቀና ማለት ብቻ ነው፤ ካሜራው መስኮቱ ላይ ስለሚሆን ያን ጊዜ ፊቷ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል።

ለዚህ ሥራ የተቀጠረችው በእናትነት የታወቀች አሮጊት ተዋናይት ነበረች። ስትራንድ ማለዳውን ሙሉ ሲመለከታት ቆየና ለሱሊ፣ ይህች ሴት የአሜሪካ እኩሌታ እናት ናት፤ በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ልጅ እንደ ሞተባት ተመልካቹ ያውቃል፤ ለእኔ ልጅ የሚተርፍ እንባ ከየት ታመጣለች አለው። ከዚያ ምሳቸውን በሚበሉት አጃቢዎች መካከል እየተዘዋወረ ፊት ለፊት ያያቸው ጀመር። ላቪኒያ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጣ በዳቦ የታቀፈ እንቁላሏን ትበላ ነበር። አጠገቧ ካሜራ ስላልነበረ ፊቷን አልጠበቀችም።

ስትራንድ ከፊቷ ቆመ።

«እስካሁን የት ነበሩ?» አላት።

«እዚሁ፣ ጌታዬ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት።»

«ይህን ፊት አይቼው አላውቅም።»

ሱሊ ከኋላው ሆኖ «ማንም አላየውም፤ ችሎታዋ እሱ ነው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ስትራንድ አልሳቀም፤ ነገ ከሰዓት በኋላ እናቲቱ እርሷ እንደምትሆን ነግሮ አለፈ።

የተባረረችው ተዋናይት ቁጣም ልቅሶም አላሳየችም። ከትከሻዋ ላይ ሻሉን አወረደች፤ ወደ ላቪኒያ መጥታ በገዛ እጇ አለበሰቻትና «አንገቱ ጋ ይቆረቁራል፤ በመርፌ ቁልፍ ያዥው» አለቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ላቪኒያ ስትሄድ አየቻት። የታወቀ ፊትም ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ያልታወቀም ይሸኛል፤ ልዩነቱ በየትኛው በር እንደሆነ ብቻ ነው ብላ አሰበች፤ ነገር ግን ሐሳቡ ብዙ አልቆየባትም፤ ደስታዋ አባረረው።

ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የቤት ተጋሪዋ ሚርትል ሃንራቲ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ሁለቱ፣ ትናንሽ ቤቶች በአንድ ጓሮ ዙሪያ በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ያለችውን ጠባብ ቤት ለዓመታት ተጋርተዋል። ሚርትል በዘመኗ የሰርከስ ፈረሰኛ ነበረች፤ በኋላም የተዋቡ ተዋናዮች ከፈረስ መውደቅ ሲገባቸው በእነርሱ ፈንታ የምትወድቀው እርሷ ነበረች፤ እስከ መጨረሻው ውድቀቷ፣ ዳሌዋ እስከ ተሰበረበት ቀን።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ሙሽራ የምትንቀጠቀጪው?» አለቻት።

ላቪኒያ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ሚርትል በክራንቿ ወለሉን አንድ ጊዜ መታችው። ከዚያ፣ አሁኑኑ ለዊኒ ጻፊላት፤ የስፌት ማኅበሩ በሙሉ ፊተኛው ረድፍ ላይ ይሰለፍ አለች።

«አልጽፍላትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስነግራት ኖሬ አላየችኝም። አሁን ሳልነግራት ትየኝ። ሳልነግራት ካየችኝ ያለፈውንም ሁሉ ታምነኛለች፤ ዓምዱንም፣ ባርኔጣውንም።»

ሚርትል የሾርባውን ቆርቆሮ እየከፈተች ራሷን ነቀነቀች። «ኩራትሽን ቀቅለን ብንበላው ኖሮ፣ አንቺ ሴትዮ፣ በየቀኑ ጠግበን እናድር ነበር» አለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አልተከራከረቻትም። የእግሯን ሕመም ረስታ ተነሥታ የላቪኒያን ፀጉር አበጠረችላት፤ ከማጅራቷ በላይ ጠቅልላ አሰረችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የእንጨቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ በሕዝብ ተሞላ። ካሜራውና ካሜራ አንሺው መስኮቱ ላይ ተሰቅለዋል። ስትራንድ ለላቪኒያ ብዙ አልነገራትም፤ አንገትዎን ደፍተው ይስሙ፣ ከዚያ ቀና ይበሉ ብቻ አላት። ፍርዱን ከመስኮቱ ሥር ቆሞ የሚያነበው ሱሊ ነበር፤ ድምፁ ኋላ በሌላ ድምፅ ይተካል።

ላቪኒያ ተዘጋጅታ ነበር። ልጅ ወልዳ አታውቅም፤ ስለዚህ ከአገሯ በወጣችበት ቀን ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጣቢያው ላይ ቆማ የቀረችውን ዊኒን አሰበች። የሱሊ አሰልቺ ንባብ ቃል በቃል ወደ እርሷ ሲመጣ፣ ከመድረክ ዘመኗ ጀምሮ ሳታውቀው የኖረ ኀይል በውስጧ ተነሣ፤ ዓይኖቿ ሞሉ፤ ፊቷ ለዓመታት ተዘግቶ እንደ ኖረ በር ሊከፈት እንደሆነ ተሰማት። ሱሊ «እስኪሞት ድረስ በገመድ እንዲሰቀል» ብሎ አነበበ። ላቪኒያ ቀና አለች።

ጉንጯን ያ ረቂቅ ብርድ ነካት።

አገጯ ሄደ። ልትይዘው አልቻለችም፤ እንዲያውም ሲሄድ አልታወቃትም። ትከሻዋ ተከተለው፤ ገላዋ ሩብ ያህል ዞረ፤ የሞላው ዓይኗ ሌላ ምንም ሳያይ አጠገቧ የቆመውን ሰው የኮት ቁልፍ ሲያይ አገኘችው። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ስትራንድ ይቁም ለማለት ዘገየ። ካሜራው እየቀረጸ ቆየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቁም» አለ፤ ቀጥሎም ለሠራተኞቹ «ይታጠብ» አላቸው። ይታጠብ የሚባለው ዳይሬክተሩ ለወደደው ቀረጻ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ መብራቶቹን ለማንሣት ተነቃነቁ። ላቪኒያ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዳይሬክተር አናግራ አታውቅም፤ አጃቢ ዳይሬክተርን አያናግርም፤ ለዚህ ረዳት አለ። ሕዝቡን ሰንጥቃ ወደ እርሱ ሄደች።

«ሚስተር ስትራንድ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ። ፊቴን አልሰጠሁም።»

ሱሊ ክንዷን ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ስትራንድ ከለከለው። የፍርድ ቤቱን ደረጃ መውጣት የጀመረውን የማምሻ ጥላ አየ፤ ከዚያ የሴትዮዋን ፊት አየ። «ቀረጻው እኮ ፊት አልጎደለበትም» አላት፤ እርሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «አንዴ ብቻ» አለ።

በሁለተኛው ጊዜ ላቪኒያ ገላዋን እንደ ጠላት ጠበቀችው። የሻሉን መርፌ ቁልፍ ከፍታ ግራ ትከሻዋ ላይ ጫፉን ወደ አገጯ አዞረችው። ሱሊ አነበበ። ብርዱ መጣ፤ አገጯ ለመሄድ ሲነሣ መርፌው ወጋት፤ ቆመ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አነሣች፤ አነሣችና አቆየችው፤ እንባዋ በገዛ ጊዜው ወረደ። ንግሥቶቿ ሁሉ በዚያ ፊት ውስጥ ነበሩ። ስትራንድ ይህንንም ይታጠብ አለ። ካሜራ አንሺው ከመሰላሉ ወርዶ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆቡን አነሣላት።

ላቪኒያ ያን ማታ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ሻሉ ላይ ትንሽ የደም ነጠብጣብ ነበረች፤ በቀዝቃዛ ውኃ አጠበቻት።

ፊልሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት፣ እንደ ወጉ፣ ራቅ ባለ ሰፈር ላልጠረጠረ ተመልካች ይታያል። ይህኛው በኅዳር መጨረሻ ፓሳዴና ውስጥ ታየ። ካሜራ አንሺው ቀኑን ሹክ ስላላት ላቪኒያ ያንኑ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሚርትልን ደግፋ፣ በቀዩ የኤሌክትሪክ ባቡር ሄደች። መኻል ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ላቪኒያ የመጀመሪያውን እኩሌታ ምንም አላየችም፤ ዊኒ እዚህ ብትሆን በየትኛው ወንበር ትቀመጥ ነበር እያለች ፊተኛውን ረድፍ ስታይ ነበር።

ፍርዱ መነበብ ጀመረ። ቀድሞ ሕዝቡ በሩቅ ታየ፤ ከዚያ ሸራው በአንድ ሰው ተሞላ።

ሻል ነበር። የተጠቀለለ ሽበት ነበር። ከሽበቱ በታች ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች የተወጠሩበት፣ እንደ ቤት ግድግዳ ግዙፍ የሆነ ማጅራት ነበር። ገመድ የሚለው ቃል ሲነገር ራሱ ወደ ላይ መነሣት ጀመረ፤ ጥቂት ተነሣ፤ ከዚያ በቀስታ ዞረና ከዓለም ሁሉ ተሰወረ። ፈንዲሻ ይበላ የነበረ ሰው እጁን ከከረጢቱ ውስጥ አላወጣውም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት መሐረብ ፈለገች። ቀጥሎ የእስር ቤቱ በር ታየ፤ ታሪኩ አለፈ።

ሚርትል ጮክ ብላ «ፊቷስ?» አለች። ከኋላ ያሉ ሰዎች ዝም በዪ አሏት። «ምን ዝም በዪ ትሉኛላችሁ፣ አጠገቤ ናት እኮ» አለች። ማንም ግን ዘወር ብሎ አላየም።

ፊልሙ ሲያልቅ ስትራንድ በመውጫው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ነበር። ላቪኒያን ሲያይ ከከበቡት ሰዎች ተለይቶ ወደ እርሷ መጣ።

«ሁለቱንም ደጋግሜ አየኋቸው» አላት። «በሁለተኛው ጥሩ ተዋናይት አየሁ። በመጀመሪያው ግን እናት። ሐዘኗን ማንም እንዳያይባት የፈለገች እናት። እንዴት እንደ ደረሱበት አላውቅም።»

ላቪኒያ እንዴት እንደ ደረሰችበት ታውቅ ነበር። ያ ዙር ሐዘን አልነበረም፤ ለተጨማሪ ሁለት ቀን ሥራ ሲባል የተለመደ፣ በብዙ ቀብርና በብዙ ችሎት ላይ የተሳለ የአጃቢ ፍርሃት ነበር። ወይም እንደዚያ መስሏታል። ይህ አስተዋይ ሰው እውነት ብሎ የወሰደው ልማዷን ነው፤ ትወና ብሎ የጣለው ደግሞ በሕይወቷ ሙሉ አምቃ ያቆየችውን እውነት ነው። ልትነግረው ትችል ነበር፤ ነገር ግን በማይለወጥ ነገር ላይ ሰውን ማሳፈር አልፈለገችም። አመሰግናለሁ አለችው። በባቡሩ ውስጥ ሚርትል መንገዱን ሁሉ ስዊድንን፣ ካሜራንና የወንድ ዘርን በጠቅላላ ስትራገም ላቪኒያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ፊልሙ ወጣ፤ ተወደደ። ጋዜጦቹ ስለዚያ ማጅራት ጻፉ፤ የዳይሬክተሩን ድፍረት አደነቁ፤ የተዋናይቷን ስም የጻፈ አልነበረም፤ በፊልሙ ላይም አልተጻፈም። ላቪኒያ ምስጋናው ለሥራዋ ይበጅ ይሆናል ብላ ስታስብ ሱሊ በአዲሱ ፊልም ሥራ ደጃፍ ላይ ከሰልፉ አወጣት። እንደ ወትሮው እየሳቀ ጀመረ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ።

«እሜቴ፣ ምን ላድርግሽ? ትናንት ከኋላ አቆምኩሽና ካሜራ አንሺው ‹ይህች ያቺ እናት አይደለችም እንዴ› አለኝ። ማጅራትሽ ታወቀ።»

«ከፊት አቁመኛ» አለችው።

«ከፊትማ ማን ያውቅሻል?» አላት፤ ከተናገረ በኋላ ነው ያፈረው።

ከዚያ ወዲህ፣ ማታ ማታ በግቢው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ስልክ ወደ አጃቢዎች መመልመያ ቢሮ ስትደውል፣ ስሟን ገና ሳትጨርስ የሴት ልጅ ድምፅ ሥራ የለም ይላታል። ድምፁ ክፉ አልነበረም። ለሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

የገና ዕለት አመሻሽ ላይ ያው ስልክ ጮኸ። ዊኒ ነበረች። ርቀቱን በጉልበቷ ልታሸንፈው የፈለገች ይመስል ትጮኻለች፤ የጉልበቷን ሕመም፣ የበረዶውን ብዛት፣ የሞቱትን ጎረቤቶች በጥድፊያ ዘረዘረች። ላቪኒያ በግራ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቃለች። ፊልሙ ኔብራስካ እንደ ደረሰ ታውቅ ነበር።

«ላቪ፣ ትሰሚኛለሽ? ቅዳሜ አንድ ፊልም አየሁ። አንቺ የለሽበትም፤ ስላልነገርሽኝ አልፈለግሁሽም። አንዲት ሴትዮ ግን አለች። የዚያ የሚሰቀለው ልጅ እናት።»

«እህ» አለች ላቪኒያ።

«ፊቷን እንኳ አላሳዩንም። ጀርባዋን ብቻ። እማማን አስታወሰችኝ፤ የአባባን ሬሳ በጋሪ ያመጡት ቀን፣ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው። ትዝ ይልሻል?»

ላቪኒያ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትዝ አይላትም ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳውን አየችው፤ የእናቷን ትከሻም።

«ትዝ ይለኛል፣ እትዬ።»

«የስፌት ማኅበሩ ሁሉ አለቀሰ። እኔማ አልነግርሽም። አትቀየሚኝና ላቪ፣ ተዋናይት ማለት እሷ ናት። አንቺም ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር የመቆም ዕድል ቢገጥምሽ ኖሮ የሆነ ነገር ትማሪ ነበር። ታውቂያታለሽ?»

በመስመሩ ውስጥ የነፋስ የሚመስል ድምፅ አለፈ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ላቪኒያ ግን እነዚያን ሁለት ቃላት በዓምዱ ላይ፣ በግራጫው ባርኔጣ ላይ፣ በመርከቡ መደገፊያ ላይ፣ በማይታዩ ነገሮች ሁሉ ላይ ጨርሳቸዋለች። አሁን ብትናገራቸው ዊኒ ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታ ምን እንደሚል ታውቀዋለች። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ዝም ካለች በኋላ ዊኒ ያቺን ሴት እንደ ቀድሞው አትወዳትም፤ እህቷ የዋሸችባት ሴት ትሆናለች።

«አውቃታለሁ» አለች። «ጎበዝ ናት።»

«ሰላም በዪልኝ። ኔብራስካ ያለች አንዲት አሮጊት አለቀሰችልሽ በያት። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

ዊኒ መልካም ገና ብላ ጮኸች፤ መስመሩ ተቋረጠ። ላቪኒያ ስልኩን ሰቅላ ጥቂት ቆመች። ሰዓቱ ወደ መመልመያው ቢሮ የምትደውልበት ነበር። አልደወለችም።

ወደ ቤት ስትገባ ሚርትል በመብራቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ የታመመ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ትጠብቃት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጎረቤት የሰጣቸው ግማሽ የፖም ኬክ አለ። ላቪኒያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«አየችሽ?» አለች ሚርትል።

«አለቀስኩ አለች።»

«ነገርሻት?»

ላቪኒያ ቢላዋውን አንሥታ ኬኩን በጥንቃቄ ከሁለት ከፈለችው፤ ትልቁን ወደ ሚርትል ገፋችው። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ሚርትል መልስ እየጠበቀች አየቻት፤ ያየችው ግን የመብራቱ ብርሃን ያረፈበትን አንድ ጆሮ፣ የተጠቀለለውን ሽበት፣ ሁለቱን ቀጫጭን ጅማቶች ነበር።

«እስቲ ወደ እኔ ዙሪ፣ ላቪ» አለች፤ ድምጿ ላቪኒያ በማታውቀው መንገድ ለስልሶ። «እዚህ ካሜራ የለም እኮ። ፊትሽን ልየው።»

«ዞሬያለሁ እኮ» አለች ላቪኒያ።

የእውነቷን ነበር። የዞረች መስሏት ነበር።